ሕጻኑ የምግብ አለርጂ ሲኖርበት የምታጠባ እናት ምን ትብላ?

አራስ ቤት የቅቤና የወተት ቤት ነው። ገንፎው መሐሉ ቅቤ ይሞላበታል፤ አጥሚቱ በወተት ይቀጥናል፤ ጠያቂ ጎረቤትም ባዶ እጇን አትመጣም። ይህ ሁሉ እናቲቱ እንድትበረታ፣ ጡቷም ወተት እንዲሞላ የታሰበ መልካም ልማድ ነው። በጥቂት ቤቶች ግን ከጡት በቀር ምንም ያልቀመሰው ሕጻን ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ይወጣዋል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆጣል፤ የጠባውን ደጋግሞ ያስመልሳል፤ ክብደት መጨመሩንም ያቆማል። ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዷ በርበሬ ተዪ፣ ሌላዋ ምስር ተዪ ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ “ጡትሽ አልተስማማውም፤ የላም ወተት ስጪው” ብላ ትደመድማለች። ከሁሉም የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ምክር ነው። እንዲህ ያለ አለርጂ ያለባቸውን ጨቅላ ሕጻናት ከሌሎች ምግቦች ሁሉ በላይ የሚያውካቸው ያው የላም ወተት ነውና።

አለርጂ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጉዳት የሌለውን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። እናት የበላችው ምግብ ሲፈጭ አብዛኛው ፕሮቲን ይሰባበራል፤ ጥቂቱ ግን ሳይሰባበር ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም በሰዓታት ውስጥ ወደ ጡት ወተት ይሻገራል። ላም ያለው አርሶ አደር ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ ላሚቱ ጠረን ያለው ቅጠል የበላች ዕለት ወተቷ እንደሚሸት ያውቃል። ወደ ጡት የሚሻገረው መጠን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ አብዛኞቹ ሕጻናት ምንም አይሆኑም። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጡት ብቻ ከሚጠቡ ሕጻናት መካከል ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ የሚታይባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከወተት ሌላ እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ለውዝም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

በከተማ “ላክቶስ የሌለው ወተት” ገዝተው ችግሩን የፈቱ የሚመስላቸው አሉ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ አለርጂውን የሚያመጣው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። ላክቶስ እናት ምንም ትብላ ምን በጡቷ ወተት ውስጥ ይገኛል።

እናቲቱ ከማዕዷ አንዳች ነገር ከማንሳቷ አስቀድሞ ግን ሕጻኑ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ንጹሕ ውኃ በማይዳረስበት አካባቢ ደም የቀላቀለ ሰገራ ሲታይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ ለዚህም ሕክምና አለው። ትኩሳት፣ መዛልና ለመጥባት እምቢ ማለት ከተጨመረበት ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። የፊት ማበጥና የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል። በሌላ በኩል ለቅሶ ብቻውን የአለርጂ ማስረጃ አይሆንም። የጤነኛ ሕጻን ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ በርትቶ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። በዚሁ መሐል በርበሬ የተወች እናት ልጇን ያረጋጋላት በርበሬ መተዋ ቢመስላት አይፈረድባትም፤ ልጁ ግን የተረጋጋው ዕድሜው ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው አለርጂ ከጠረጠረ የሚከተለው እርምጃ ፈተና ነው። እናቲቱ ማጥባቷን ሳታቋርጥ አንድ ምግብ፣ በአብዛኛው የላም ወተትንና የወተት ውጤቶችን፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፈጽማ ትተዋለች። የተቆጣ አንጀት በአንድ ቀን ስለማይድን በሦስተኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ሌላ ምግብ መጨመር ስሌቱን ያበላሻል። ምልክቱ ከጠፋ ደግሞ ያቆመችውን ምግብ መልሳ ትበላለች። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ የዳነን ልጅ ለምን እንነካካዋለን የሚል ጥያቄም ያስነሣል። ነገር ግን ሕመሙ ተመልሶ ካልመጣ ወተቱ ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ እናቲቱም ያለ ምክንያት ወራት ሙሉ ከምግብ አትከለከልም። ተመልሶ ከመጣ ጉዳዩ ተረጋገጠ። ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሹ አጥሮ ለነበረ ሕጻን ግን ይህ መልሶ የመሞከር ሥራ በቤት ውስጥ አይደረግም።

“ወተት መተው” ሲባል ጥሬ ወተት ብቻ አይደለም። እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ አጓትና ቅቤ ሁሉም ከዚያው ፕሮቲን ድርሻ አላቸው። ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ከታች ቢዘቅጥም የጠራው ቅቤ ጨርሶ ነጻ አይሆንም፤ ስለዚህ በፈተናው ሳምንታት ወጡ በዘይት ይሠራል። የፍየል ወተት መድኃኒት ነው የሚለው ወግም እዚህ ላይ አይሠራም። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ለአንዱ አለርጂ የሆነ ሕጻን ለሌላውም መሆኑ የተለመደ ነው። የከተማ እናቶች ማኪያቶውን ቢተዉም ብስኩት፣ ኬክና አንዳንድ የዳቦ ዓይነቶች የዱቄት ወተት ሊኖርባቸው ስለሚችል በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይኖርባቸዋል።

እዚህ ላይ የአገራችን እናቶች ሌሎች የሌላቸው ብልጫ አላቸው። ከወተት የጸዳ ማዕድ ለማዘጋጀት አዲስ ሙያ መማር አያስፈልጋቸውም፤ የጾም ምግብ ሁልጊዜም እንዲሁ ነውና። ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ በሚሆኑት የጾም ቀናት ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱና ተልባው ያለ ቅቤ ሲሠሩ ኖረዋል። በሌላ አገር ያለች እናት ከየመደብሩ የምትፈልገውን ምግብ የገጠሯ እናት ከጎታዋ ታወጣዋለች።

ይሁን እንጂ ብልጫው ወጥመድም አለው። ወተት የተከለከለች እናት ሥጋና እንቁላል አልተከለከለችም፤ እነዚህም ምልክት ካላመጡ በማዕዷ መቆየት አለባቸው። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ንጥረ ነገር ከጥራጥሬና ከአትክልት አይገኝም፤ ሥጋውንም፣ እንቁላሉንም፣ ወተቱንም ለወራት የተወች እናት ራሷም ሆነች ልጇ ሊጎዱ ይችላሉ። ከወተት መታቀቡን ከጾሙ ጋር አጣምራ የምትይዝ እናት ጉዳዩን ለንስሐ አባቷ ብታማክር መልካም ነው፤ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች አጥቢ ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ተፈቅዶላታል።

የተነሣው ምግብ ምትክ ይሻል። አጥቢ እናት ከወትሮው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ቅቤው ሲቀር ይህን ኃይል ዘይት፣ ተልባ፣ ሱፍና አቮካዶ ይሸፍናሉ። ካልሲየም ደግሞ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ከ250 እስከ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጥ ነበር። በምትኩ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን በየዕለቱ፣ ከእነ አጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ ሲገኝም እርሱ ይረዳል። ሰሊጥም ካልሲየም አለው፤ ግን ራሱ አለርጂ ከሚያመጡት ምግቦች አንዱ ስለሆነ በማስተዋል ነው። ምግቡ ካልበቃ የካልሲየም እንክብል ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር ተማክሮ ይወሰዳል። በእርግጥ ወተቱ ሁሉ ተንጦ ቅቤው ገበያ በሚወጣበት ቤት እናቲቱ ቀድሞም ብዙ ወተት አልጠጣችም፤ ለእርሷ ትልቁ ጉድለት የሚሆነው የአራስነቱ ቅቤና እርሱ ይሰጥ የነበረው ኃይል ነው።

አብሽም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ወተት ያበዛል ተብሎ ለአራስ የሚሰጠው አብሽ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፤ ለለውዝ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በአብሽም ይታመማሉ። አብሽ መጠጣት ከጀመረች በኋላ የልጇ ሕመም የባሰባት እናት ለባለሙያው ትንገር።

አራቱ ሳምንት አልፎ ለውጥ ከሌለ እናቲቱ ወደ ቀድሞ ምግቧ ትመለሳለች። ወተቱን እንደተወች እንቁላል፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ ቀጥሎ ምስር እየጨመረች መሄድ የለባትም፤ በዚህ መንገድ በጨውና በእንጀራ የቀረች እናት አቅም አጥታ ማጥባቱን ራሱን ልትተወው ትችላለች። ሁለተኛ ምግብ መሞከር ካስፈለገ ከባለሙያ ጋር ተመክሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕጻን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል ይመክራል፤ አለርጂ ላለበት ሕጻንም ይኸው ነው።

የቤተሰቡ ድርሻ ቀላል አይደለም። እናቲቱ ለሳምንታት የታቀበችውን አያት ለተወለደው ልጅ ቅቤ በማስላስ በአንድ ጣት ልታፈርሰው ትችላለች። ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎ ሲጀምርም ገንፎው ያለ ወተትና ያለ ቅቤ እንደሚሆን አያትም፣ ሞግዚትም፣ ትልልቅ ልጆችም ሊያውቁ ይገባል። ባልም ወጡ በዘይት ለምን ተሠራ ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ ነገሩን ቢረዳው ለሚስቱ ትልቅ እረፍት ነው።

አብዛኞቹ ሕጻናት ከዚህ አለርጂ እያደጉ ይላቀቃሉ፤ አንዳንዶቹ አንድ ዓመት ሲሞላቸው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ። ስለዚህ ክልከላው እንዲሁ አይቀጥልም፤ ሕጻኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲሆነው፣ ወይም ወተቱ ከተተወ ስድስት ወር ሲሞላው፣ በባለሙያ ምክር እንደገና ይሞከራል። ቀድሞ ጽኑ ምልክት ላልታየበት ልጅ ሙከራው የሚጀመረው ወተት ገብቶበት በደንብ ከተጋገረ ዳቦ ቁራሽ ነው፤ የምድጃው ሙቀት ፕሮቲኑን ስለሚለውጠው ብዙ ሕጻናት ከጥሬ ወተት ቀድመው እርሱን ይችሉታል።