ፎርድ ሞዴል ቲ፦ በዳገት ላይ የሚለምን መኪና

በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የሆላንድ ባልና ሚስት በ1915 እ.ኤ.አ. የተሠራ ፎርድ ሞዴል ቲ እያሽከረከሩ ከአገራቸው ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ተጓዙ። ዓላማቸው ለኤስ.ኦ.ኤስ. የሕፃናት መንደር ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር፤ ድርጅቱ በአገራችንም ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉባቸው መንደሮች አሉት። ገንዘብ በባንክ መላክ እየተቻለ በአሮጌ መኪና መንከራተት ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን የእንዲህ ያለው ጉዞ ዋና ሀብት የመኪናው ድካም ነው።

ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ድረስ በ15 ሚሊዮን ብዛት የተመረተ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው መኪና ነው። ወደፊት የሚሄድባቸው ማርሾች ሁለት ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ነው፤ ስለዚህ ነዳጁ አንሶ ዳገቱ ሲበረታ መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ መውጣት የታወቀ ዘዴ ነበር። ይህን መኪና ከደሴ በአቀስታ አድርገን ወደ መካነ ሰላም እንንዳው እንበል። መካነ ሰላም ያለችው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ውሃም እዚያ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ራዲያተሩ ቶሎ ይንተከተካል። ወደ ጎጃም ለመሻገር ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ የእግር ፍሬኑ ይግላል። ሾፌሩ በየመንደሩ መቆም፣ ውሃ መለመን፣ ብየዳ ቤት ማፈላለግ ግድ ይሆንበታል። የሆላንዶቹም የፊት ጎማ ናሚቢያ ውስጥ ተሰብሮ የአገሬው አንጥረኛ ነው የበየደላቸው።

ገንዘብ የሚመጣው ከዚህ መቆም ነው። ያለ ችግር የተጠናቀቀ ጉዞ ወሬ የለውም፤ ወሬ የሌለውን ነገር ደግሞ ሰው አያዳምጥም፣ ያላዳመጠም አይሰጥም። ለዚህ መካነ ሰላም ካለችበት ከቦረና ወረዳ የራቀ ማስረጃ አያስፈልግም። ተዋናዩ ካርልሃይንስ በም በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፤ ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተሰበሰበ። ከዚያ የተወለደው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ኋላ በወሎ ቦረናም ሠርቷል። ውርርዱ ራሱ ጉድጓድ አልቆፈረም፤ የሰውን ጆሮ ግን ከፈተ። የአሮጌ መኪናም ሥራ ይኸው ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን መልስ ይሻሉ። አንደኛው፣ ለነዳጅና ለመለዋወጫ የሚወጣው ብር በቀጥታ ለተቸገረ ቢሰጥ ይሻላል የሚለው ነው። ወጪው ከለጋሾች ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው። ባልና ሚስቱ ከኪሳቸው ከከፈሉ ግን ለሽርሽር ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ሌላውን ሰው ለመቀስቀስ አዋሉት ማለት ነው። ሁለተኛው የከበደ ነው፤ ድኻው የጉዞው ጌጥ ይሆናል የሚለው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሥዕሉ በዓለም የዞረው ወሎዬ ይህን ቅሬታ በሚገባ ያውቀዋል። ሆኖም በዚህ ረገድ አሮጌው ፎርድ ከአዲሱ ላንድክሩዘር ይሻላል። ላንድክሩዘሩ አቧራውን በትኖ ያልፋል፤ ፎርዱ ግን ባለቤቶቹን እርዳታ ጠያቂ ያደርጋቸዋል። ውሃ አቅራቢው ገበሬ፣ በያጁ ጎረምሳ ሰጪ ሆነው ይታያሉ። ታሪኩ እንዲህ ተደርጎ እስከተነገረ ድረስ የማንም ክብር አይነካም።

በእኛም አገር በብዙ ግቢ የቆመ ቮልስ አለ፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈላ ውሃ እንኳ የለውም። ይህን ያነበባችሁ የቮልስ ባለቤቶች፣ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ለመካነ ሰላም አካባቢ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት የሚገዛ ገንዘብ ብታሰባስቡ ምን ይላችኋል? ወጪውን ራሳችሁ ቻሉ፣ የተሰበሰበውን እስከ ሳንቲሙ በአደባባይ አሳውቁ፣ መንገድ ላይ የረዳችሁንም ሰው አመስግኑ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ግን መኪናውን ግቢ ትታችሁ ብሩን ብትልኩ ይሻላል።