ቆሮሶ የሚወለደው ዳር ላይ ነው

ዓሣን ለመብላት ሳይሆን መልሶ ለመልቀቅ ማጥመድ ለወረኢሉ ሰው እንቆቅልሽ ነው። በእኛ ደጋ ሥጋ ማለት በግ ነው፤ ይዞ መልቀቅ ደግሞ ከቀልድ ይቆጠራል። ረዥም ዘመን አሜሪካ የኖረው አብሮ አደጌ ግን ስለዚሁ ነገር አውርቶ አይጠግብም።

እንደሚለው በፍሎሪዳ ዳርቻ ጉልበት በማይደርስ የባሕር ውኃ ውስጥ ቀስ እያሉ በመራመድ ቦንፊሽ የሚባለውን ዓሣ በዓይን ፈልገው ያጠምዳሉ። ማጥመጃው «ፍላይ» ይባላል፤ ከላባና ከክር የተሠራ፣ ነፍሳትን ወይም ትንንሽ የውኃ እንስሳትን የሚመስል ማታለያ ነው። ተራውን መንጠቆ እርሳስ ይዞት ይሄዳል። ፍላይ ግን ክብደት ስለሌለው፣ ወፍራሙን ገመድ እንደ ቡሄ ጅራፍ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፉ ነው የሚልኩት። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፍሎሪዳ ቦንፊሽን ይዞ ወደ ቤት መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የያዘ መልቀቅ አለበት።

ምፅዋና ዳህላክ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ናቸውና፣ ጓደኛዬ ለእረፍት ሲመጣ ባሕር ላሳየው አልቻልኩም። በካቤና በጉጉፍቱ አድርገን ደሴ ገባን፤ ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘን ሐይቅ ደረስን። የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ይህ ሐይቅ ጥልቅ ቢሆንም በዳርቻው ሰው የሚቆምበት ስስ ውኃ አለው።

ጓደኛዬ ብዙ ከወረወረ በኋላ አንድ ቆሮሶ ያዘ። ከዳር ሆነው ሲመለከቱን የነበሩ አዛውንት አጥማጅ፣ «ልጆቼ፣ እሱኮ ርቦት አይደለም፤ ቤቱን ሲጠብቅ ነው የነከሰ» አሉን።

አባባላቸው ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋትን ስለሆነ ለላባ ብዙም አይጓጓም። በመራቢያ ጊዜ ግን ወንዱ በዳርቻው አሸዋ ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍርና የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ በአፏ ታቅፈዋለች፤ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስም አፏ መሸሸጊያቸው ነው። በዚያ ወቅት መረብ የገባች ሴት ቆሮሶ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለችም። በአፏ የያዘችው በመቶዎች የሚቆጠር ዘር አብሯት ይጠፋል።

ቆሮሶ ለሐይቅ የጥንት ነዋሪ አይደለም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ዛሬ ግን የብዙ አጥማጆች እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ የፍሎሪዳን ሕግ እንዳለ ገልብጦ «ያዝና ልቀቅ» ማለት በሰው ጉሮሮ ላይ መቆም ነው። ለመዝናናት የመጣ ሰው መልቀቅ ይችላል፤ ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድግ ሰው ግን አይችልም።

ከፍሎሪዳ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ሕግ የዓሣውን ጠባይ ተከትሎ መውጣት እንዳለበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ነገር ግን መርዝን የከለከለ ሕግ በመራቢያ ወቅት ዳርቻውን በጠባብ ዓይን መረብ የሚጠርገውን ካላስቆመ፣ በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው።

መፍትሔው ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አይደለም። ጎጆ የሚበዛባቸውን የዳርቻ ክፍሎች ለመራቢያው ወራት ብቻ መከለል፣ ጥልቁን ክፍት መተው፣ የመረቡን ዓይን ማስፋት ነው። ጎጆው የት እንዳለ ከአጥማጆቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ድንበሩን እነሱ ያመልክቱ፤ መንግሥት በደንብ ያጽድቀው፤ ጥበቃውንም በጋራ ያካሂዱት። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ሊወጣ ይችላል፤ የሚፈጸመው ግን ውኃው ዳር ባለ ሰው ነው።