ስለ ቅባቶች «አስማሚ»፦ የስያሜና የደኅንነት ማብራሪያ

በሐዋሳ ከተማ ከሚገኙ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብቶ የገላ ቅባት መያዣን ጀርባ የሚያነብ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም የቃላት ዝርዝር ያገኛል። ከዝርዝሩ መካከል ውሃና ዘይት እንዳይለያዩ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኢመልሲፋየር፣ አይታጣም። ሻጩም ገዢውም ግን ከሌላው ሁሉ ጋር ደርበው «ኬሚካል» ይሉታል። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ መርጦ መግዛትም ሆነ መርጦ መተው አይቻልም። ስለዚህ ስያሜውንና የደኅንነቱን ጉዳይ አያይዘን እንመለከታለን።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወተት በውሃ ውስጥ የተበተነ ስብ ነው፤ እያንዳንዱን የስብ እንክብል የሸፈነው ስስ ሽፋን እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይጠብቀዋል። ወተቱ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደድና ቅቤ ይወጣል። በሲዳማ «ቡሮ» የሚባለው ይኸው ቅቤ በተራው የወተት ተገላቢጦሽ ነው፤ ስቡ ጥቂት ውሃ አዝሏልና። ሲነጠር ውሃው ተንኖ ይሄዳል። ልብ ቢባል አማርኛ ለመለየቱ ሥራ ናጠ፣ ገፋ፣ አነጠረ የሚሉ ግሦች አሉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ለማቆየት የተለየ ግሥ ግን አላጋጠመንም። ይህን ሥራ ላሚቱ ራሷ ስለምትፈጽመው ስም ማውጣት አላስፈለገ ይሆናል።

«አሟሚ» እንዳንል ስቡ እንደ ስኳር አይሟሟም። «አዋሓጅ» ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን «ውሁድ» የሚለው ቃል በኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት በኬሚካዊ ትስስር ለሚገኝ ነገር ስለተያዘ ተማሪውን ያሳስታል። ከበጠበጠ «በጥባጭ» ብንል የመንደር ጠበኛ ይመስላል። እኛ የምንመርጠው «አስማሚ» የሚለውን ነው። የአስማሚው አንዱ ጫፍ ወደ ውሃ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ዘይት የሚሳብ ስለሆነ ሁለቱ ጠባያቸውን ሳይለውጡ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ውጤቱም «ስምም ድብልቅ» ሊባል ይችላል።

ወደ ደኅንነቱ ስንመጣ አስማሚዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲን ዘወትር የምንበላው ነው። በሎሽን ውስጥ የሚገባው ሴቴአሪል አልኮል በስሙ ብቻ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ሰም መሰል ስባማ ነገር እንጂ የሚያሰክረው ወይም ቆዳ የሚያደርቀው አልኮል አይደለም። ፖሊሶርቤት የሚባሉት ራሳቸው በተለመደው መጠን አያስጉም፤ ሆኖም በአሠራራቸው ምክንያት ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠረው ዳዮክሴን በጥቂቱ ሊቀርባቸው ስለሚችል አምራቹ ማጣራት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ነው። ይህ አስማሚ አረፋ የሚያወጣ አጣቢም ነው። በብሪታንያ ለደረቅ ቆዳ ይታዘዝ በነበረው አኩየስ ክሬም ውስጥ አንድ በመቶ ያህል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ክሬሙ ኤክዜማ ባለባቸው ሰዎች፣ በተለይም በሕፃናት ቆዳ ላይ ሳይታጠብ ሲቆይ ሊያቃጥልና ሊያስቆጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ታጥቦ በሚወገድ ሳሙና ውስጥ የሚታገሡት አስማሚ፣ ተቀብቶ በሚያድር ቅባት ውስጥ ሌላ ጠባይ ያሳያል ማለት ነው። ልጇን ለማከም ቅባት የምትገዛ እናት «ኬሚካል አለበት ወይ?» ብላ ብትጠይቅ የረባ መልስ አታገኝም፤ «አስማሚው ምንድን ነው? ታጥቦ የሚወገድ ነው ወይስ የሚያድር?» ብትል ግን ፋርማሲስቱ የሚመልሰው ይኖረዋል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም በቁጥጥሩ ሥር አካቷል። በአገር ውስጥ የሚመረቱ ቅባቶች የአማርኛ መግለጫ ሲዘጋጅላቸው «አስማሚ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የንጥረ ነገሩ ሙሉ ስም በፊደላችን እንዲጻፍ፣ ከጎኑም «ታጣቢ» ወይም «የሚያድር» የሚል ቃል እንዲታከል ሐሳብ እናቀርባለን።