ማሳው የኃይል ማመንጫ ሲሆን ግብሩን የሚከፍለው ማነው?

እህል የሚበቅልበት ማሳና ፋብሪካ የቆመበት መሬት እኩል ግብር አይከፈልባቸውም። ዛሬ ግን በአንድ ማሳ ላይ ሰብልም የኤሌክትሪክ ኃይልም የሚመረትበት ጊዜ ደርሷል። ታዲያ እንዲህ ያለው መሬት በግብር መዝገብ ላይ እርሻ ነው የሚባለው ወይስ የኃይል ማመንጫ? ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። ከገበሬው ኪስ የሚወጣ ወይም የሚተርፍ ገንዘብ ነው።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት የተገኘው ልምድ ትምህርት ሰጪ ነው። ግዛቲቱ ጠባብና ሕዝብ የበዛባት በመሆኗ መሬት ውድ ነው። ግብሩ በገበያ ዋጋ ቢተመን ገበሬው ምርቱን ሽጦም አይወጣውም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ፣ ቢያንስ 5 ኤከር (2 ሄክታር ያህል) የሚያርስና ከምርቱ የተወሰነ ገቢ የሚያገኝ ባለመሬት ግብሩ መሬቱ በእርሻ በሚሰጠው ጥቅም መጠን ብቻ ይተመንለታል።

ይሁን እንጂ መሬቱ ከእርሻ ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዞር ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠይቃል። ይኸውም ለውጡ የተደረገበትን ዓመትና ከዚያ በፊት የነበሩትን 2 ዓመታት ልዩነት ያስከፍላል። ለማስረዳት ያህል፣ በገበያ ዋጋ ቢተመን ግብሩ በዓመት 1000 ዶላር ሊሆን የሚችል መሬት በእርሻነቱ 100 ዶላር ሲከፈልበት ቆይቶ ከሆነ፣ የየዓመቱ ልዩነት 900፣ የ3 ዓመቱ 2700 ዶላር ይሆናል ማለት ነው።

የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ወደ ማሳ መግባት ሲጀምር ይኸው ጥያቄ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ መፍትሔ ያደረገው መጠንን መወሰን ነበር። መሣሪያው የሚይዘው ከ10 ኤከር (4 ሄክታር ያህል)፣ ኃይሉም ከ2 ሜጋዋት እንዳይበልጥ፣ ለእያንዳንዱ 1 ኤከርም 5 ኤከር በእርሻ ላይ እንዲቆይ ደነገገ። ከመሣሪያው ሥር ያለው መሬትም በተቻለ መጠን ለግጦሽ ወይም ጥላ ለሚችል ሰብል እንዲውል ያዛል። ከኤሌክትሪክ የሚገኘው ገቢ ግን እንደ እርሻ ምርት አይቆጠርም። በመሆኑም የግብር ቅናሹ የሚጸናው ሞፈሩን ላልሰቀለ ገበሬ ነው።

በአገራችን መሬት የማይሸጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ስለሆነ የኒው ጀርሲን ሕግ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ጉዳዩ ግን እኛንም ይነካል። በአዳማና በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙት በእርሻ አካባቢ ነው። የአሸጎዳው ብቻ 84 ተርባይኖች አሉት። በአንድ ተርባይንና በሌላው መካከል ማረስ ይቻላል። መሠረቱና መንገዱ የያዙት መሬት ግን ከእርሻ ይወጣል።

እንግዲህ የገበሬው መሪዎች ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን አጣርተው በጽሑፍ ሊይዙ ይገባል። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ባለይዞታ ስንት ሄክታር ከእርሻ እንደወጣና ስንት እንደቀረ ተለክቶ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ገቢ ግብሩ በቀረው ይዞታ ልክ መስተካከሉ ከወረዳው ጋር ይረጋገጥ። በእጁ የሌለ መሬት በደረሰኙ ላይ ሊቀር አይገባምና። ሦስተኛ፣ ለለቀቀው መሬት የሚገባው ካሳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት መሰላቱ ይታይ።

የኤሌክትሪክ ኃይል ለአገር ያስፈልጋል። መሬቱን ለዚሁ ዓላማ የለቀቀ ገበሬ ግን ለማያርሰው መሬት መገበር የለበትም። ይህን ቀድሞ መከታተል የመሪዎቹ ኃላፊነት ነው።