ከለውጡ በፊት፣ ከለውጡ በኋላ፦ የስዊችን ሁኔታ በፓይተን ማመሳከር

ስዊች በውስጡ ሁለት ነገር ይይዛል፤ የታዘዘውንና እየሆነ ያለውን። የታዘዘው ኮንፊገሬሽን ይባላል። ባለሙያው የጻፈው፣ በአግባቡ ከተቀመጠ መብራት ጠፍቶ ቢመጣም የማይጠፋ ጽሑፍ ነው። እየሆነ ያለው ግን በየሰከንዱ ይለዋወጣል፦ የትኛው ፖርት በርቷል፣ የትኛው ኮምፒውተር በየት በኩል ተገኘ፣ ከጎን ያለው ስዊች የትኛው ነው፣ የትኛው መስመር ተከፍቶ የትኛው ተዘጋ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይስማማሉ። ሲለያዩ ተጠቃሚው የሚኖረው በሁለተኛው ውስጥ ነው። «ኮንፊገሬሽኑ ትክክል ነው» የሚለው መልስ በቅርንጫፉ መስኮት ፊት ቆሞ ገንዘብ ማውጣት ላቃተው የባንክ ደንበኛ አንዳች አይፈይድለትም።

ስዊቹ በእርግጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ጥገና ወይም ማሻሻያ ከመደረጉ በፊት መዝግቦ፣ ከተደረገ በኋላም መዝግቦ፣ ሁለቱን መዝገቦች የሚያመሳክር የፓይተን ፕሮግራም አለ። በመሠረቱ አጭር ነው፤ ፓይተን ጥቂት ወር የተማረ የኔትወርክ ባለሙያ ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን በደንብ የሚታየው ባለሙያዎች ሁሉ በሚያውቁት አንድ ስህተት ላይ ነው።

ሁለት ስዊቾችን በሚያገናኝ ትራንክ ላይ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ ኔትወርኮች) 10፣ 20 እና 40 ያልፋሉ እንበል፤ አንዱ የሒሳብ ክፍል፣ አንዱ የስልክ፣ አንዱ የካሜራ። አሁን ቪላን 30 እንዲጨመር ተፈለገ። በሲስኮ ስዊች ላይ ትእዛዙ ሲጻፍ «አድ» የምትለዋ ቃል ከተዘለለች ስዊቹ 30ን አይጨምርም፤ የቀድሞውን ዝርዝር በሙሉ አንሥቶ በ30 ብቻ ይተካዋል። ትእዛዙ በአጻጻፉ ትክክል ስለሆነ ስዊቹ አያጉረመርምም። ፖርቱ አይጠፋም፣ አረንጓዴው መብራትም እንደበራ ነው። ባለሙያው 30 መግባቱን አይቶ፣ በአዲሱ ቪላን ያለውን ኮምፒውተር ሞክሮ መሥራቱን አረጋግጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ሒሳብ ክፍል ሲገባ ሥራ የለም።

ሰው ከለውጥ በኋላ የሚፈትሸው የለወጠውን ነው። ጉዳቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሊነካው ባላሰበው ቦታ ነው፤ ያን ደግሞ በዓይን ማየት አይቻልም፣ ምክንያቱም የሚፈለገው የሌለ ነገር ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊ ሲቀየር ቆጠራ ተደርጎ ርክክብ የሚፈረመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጋዘኑን ዞሮ ያየ ሰው ያለውን ሁሉ ያያል፣ የጎደለውን የሚነግረው የቀድሞው ዝርዝር ብቻ ነው።

ሥራው ከመሰብሰብ ይጀምራል። ባለሙያው በእጁ ይጽፋቸው የነበሩትን የ«ሾው» ትእዛዞች ፕሮግራሙ በእሱ ፈንታ ይልካል፦ የፖርቶችን ሁኔታ፣ በትራንክ የሚያልፉትን ቪላኖች፣ የማክ አድራሻ ሠንጠረዡን (የትኛው መሣሪያ በየትኛው ፖርት እንደተገኘ)፣ የስፓኒንግ ትሪን ሁኔታ፣ በኤልኤልዲፒ የታወቁትን ጎረቤቶች ይጠይቃል። ለዚህ ብዙዎች የሚመርጡት ኪርክ ባየርስ የጀመረውን ኔትሚኮ የተባለ ላይብረሪ ነው። ኔትሚኮ ፓራሚኮ በሚባለው የኤስኤስኤች ላይብረሪ ላይ የቆመ ሲሆን የየአምራቹን ስዊች ጠባይ ያውቃል፤ ረጅም መልስ በየገጹ እየቆመ እንዳያስቸግር ያደርጋል፣ መልሱ የት እንዳለቀም ይለያል።

የሚመጣው መልስ ለሰው ዓይን በዓምድ የተደረደረ ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ጽሑፍ ወደ ስምና ዋጋ መፍታት አለበት፦ ፖርት 7፣ ሁኔታው የተገናኘ፣ ቪላኑ 20፣ ፍጥነቱ 1000። ጎግል ውስጥ የተሠራው ቴክስትኤፍኤስኤም ለዚህ ያገለግላል፤ ኔትወርክ ቱ ኮድ የተባለው ድርጅት የሚያስተባብረው ሰፊ የአብነት ክምችትም ለየትእዛዙና ለየስዊቹ ዓይነት የተዘጋጀ መፍቻ ይዟል። የአሪስታ ስዊቾች ይህን ድካም ይቀንሳሉ፤ ከተጠየቁ መልሱን ራሳቸው በጄሰን ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የማያስበው ወጥመድ አለ። ለውጡ የስዊቹን ሶፍትዌር ማሻሻል ከሆነ የመልሱ አደራደር ራሱ ሊለወጥና መፍቻው አንዳች ሳያገኝ ባዶ ዝርዝር ሊመልስ ይችላል። ይባስ ብሎ መፍቻው ከመጀመሪያውም የማይስማማ ከሆነ «በፊት» ባዶ፣ «በኋላ»ም ባዶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ልዩነት የለም ብሎ ያበስራል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ባዶ መዝገብ ሲያገኝ ማነጻጸሩን ትቶ ይጮኻል። ጥሬውን ጽሑፍም ከተፈታው ጋር አብሮ ያስቀምጣል።

ማነጻጸሩ ራሱ ለፓይተን ቀላል ነው። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፍሊብ ሁለት ጽሑፎችን መስመር ለመስመር ያስተያያል፤ ለኮንፊገሬሽን ፋይል በጣም ይስማማል። ለሁኔታ ግን አልመክረውም። ስዊቹ ከበራ ስንት ደቂቃ እንደሆነው የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ እንኳ ሁልጊዜ ልዩነት ነው፣ የመስመሮች ቅደም ተከተል ሲዛባም ሁሉም የተለወጠ ይመስላል። የተፈታው መረጃ በዲክሽነሪ ሲያዝ ግን ጥያቄው ጥርት ይላል፦ በፊት ኖሮ አሁን የሌለ ስም የቱ ነው? አሁን መጥቶ በፊት ያልነበረስ? በሁለቱም ኖሮ ዋጋው የተለወጠስ? ማነጻጸሩ በስም እንጂ በቁጥር መሆን የለበትም። ባለ 48 ፖርት ስዊች ላይ በፊት 31 ፖርት ቢበራ፣ በኋላም 31 ቢበራ ድምሩ እኩል ነው፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላ በርቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ድምሩ አይናገርም።

ከባዱ ክፍል ሌላ ነው፤ የትኛውን ልዩነት ችላ እንደሚሉ መወሰን። ስዊች በተፈጥሮው ጸጥ አይልም። የፓኬት ቆጣሪዎች ይሮጣሉ፣ ሰው ላፕቶፑን ይነቅላል፣ ስልክ ይሰካል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ካወጣ ሪፖርቱ ብዙ መቶ መስመር ይሆናል፤ ባለሙያውም ሁለት ሦስት ጊዜ ካገላበጠው በኋላ ማንበቡን ይተወዋል። ያልተነበበ ሪፖርት ደግሞ ካልተሠራ ይብሳል፣ ተፈትሿል የሚል ሐሰተኛ እርጋታ ይሰጣልና።

ለዚህ የማውቀው ምርጥ ዘዴ «በፊት» የሚለውን መዝገብ ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው። ምንም ሳይነካ፣ በመካከላቸው አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩና ሁለቱ ይመሳከሩ። ማንም ምንም አልለወጠም፤ ስለዚህ የሚወጣው ልዩነት በአብዛኛው የስዊቹ የራሱ እስትንፋስ ነው። ከዚያ ዝርዝር ላይ በየመስኩ እያዩ ሊተዉ የሚገባቸውን መለየት ይቻላል። ከወንበር ላይ ሆኖ በግምት የተጻፈ የችላ በል ዝርዝር ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል፤ ከስዊቹ ከራሱ የተገኘው ግን ለዚያ ኔትወርክ ልክ ነው።

ቆጣሪዎችን ሁሉ ጠራርጎ መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው። የስህተት ቆጣሪዎች፣ በተለይ ሲአርሲ የሚባለው፣ በእኩልነት ሳይሆን በእድገት መታየት አለባቸው። ከለውጡ በፊት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምንም ያልጨመረ ቆጣሪ ከለውጡ በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መቶዎችን ከጨመረ፣ ኬብሉ ሲነካካ ተጎድቷል፣ የፋይበሩ ጫፍ ቆሽሿል፣ ወይም የሁለቱ ጫፎች ዱፕሌክስ አልተስማማም ማለት ነው። ፖርቱ «የተገናኘ» ይላል፣ ቪላኑ ትክክል ነው፣ ተጠቃሚው ግን ፋይል ሲከፍት ይንገታገታል። ይህን የሚያጋልጠው ያ ቆጣሪ ብቻ ነው።

ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ሳለች እ.ኤ.አ. በ1985 የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ ኔትወርኩ በዙረት እንዳይታነቅ ትርፍ መስመሮችን ይዘጋል። በጥንታዊው አሠራር አንድ ፖርት ለማዳመጥ 15 ሰከንድ፣ ለመማር ሌላ 15 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሩቅ መስመር ሲበጠስ ደግሞ እስከ 20 ሰከንድ ይጨመርበታል። ለውጡ እንዳለቀ ወዲያው የተወሰደ መዝገብ ገና ያልሰከነ ኔትወርክን ነው የሚያሳየው። የማክ አድራሻ ሠንጠረዥ በሌላ በኩል ይዘገያል፤ በሲስኮ ስዊቾች ላይ ዝም ያለ መሣሪያ አድራሻ በመደበኛው 300 ሰከንድ ቆይቶ ይሰረዛል። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሌለን መሣሪያ እንዳለ ሊያሳይ ይችላል፤ በአንጻሩ ሌሊቱን ማንም ያላዘዘው ፕሪንተር ፖርቱ አንዴ ሲቋረጥ ከሠንጠረዡ ይወጣል፣ አንዲት ፓኬት እስኪልክም አይመለስም። ምንም አልሆነም፣ ዝም ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት የጠፋ ጎረቤት ስዊች እንደ ብልሽት፣ የጠፋ ማክ አድራሻ ግን እንደ ጥርጣሬ ቢመዘገብ ይሻላል።

ደግሞም ጥሩው ውጤት ባዶ ልዩነት አይደለም። ለውጥ ከተደረገ ልዩነት መኖር አለበት። ብልህ ባለሙያ የሚጠብቀውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ በዚህ ትራንክ ላይ ቪላን 30 ይጨመራል፣ ሌላ ምንም አይለወጥም። ፕሮግራሙ ከተገኘው ላይ የተጠበቀውን ይቀንሳል፤ የሚተርፈው ሁሉ ጥያቄ ነው። የተጠበቀው ካልመጣም ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያህል ነገር ዋስትና እንደሚሆን ለማወቅ የካናዳውን የቴሌኮም ኩባንያ ሮጀርስን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ በሰባት ምዕራፍ ከተከፈለው ማሻሻያ ስድስተኛው ላይ፣ ከራውተሮች ኮንፊገሬሽን አንድ ማጣሪያ ተነሣ። የመንገድ መረጃ እንደ ጎርፍ ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች ገብቶ አቅማቸውን ሰበረ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ የድንገተኛ ጥሪና የካርድ ክፍያ ሳይቀር ተቋረጠ። በኋላ የወጣው ምርመራ እንዳሳየው ቀደም ያሉት ምዕራፎች በሰላም በማለፋቸው የዚህኛው ምዕራፍ የስጋት ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ነበር። እውነቱን ለመናገር በደቂቃዎች ውስጥ የሚወድቅ ኔትወርክን ከለውጡ በኋላ የሚደረግ ማመሳከር አያድነውም። ሊያድነው የሚችለው ለውጡ በአንድ መሣሪያ ብቻ ተጀምሮ፣ ልዩነቱ ተነቦ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ነው። የሮጀርስ መሐንዲሶች መሣሪያዎቻቸውን የሚያስተዳድሩበት መስመርም አብሮ ስለወደቀ የሆነውን ለማወቅ ብዙ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፤ የ«በፊት» መዝገብ በሰርቨር ላይ ብቻ ሳይሆን በባለሙያው ላፕቶፕም ይቀመጥ።

የፋይሉ ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ በተለይ። ቡድኑ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብሎ የተቀጣጠረበትን ጊዜ ላፕቶፑ 01:00 ይለዋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ስዊች ደግሞ ያለፈው ቀን 22:00 ይለዋል። አንድ ሰዓት መርጦ፣ በፋይሉ ስም ላይ የስዊቹን ስምና «በፊት» ወይም «በኋላ» የሚለውን አብሮ መጻፍ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

ሁሉንም ራስን ችሎ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሲስኮ ለውስጥ ሙከራ ሠርቶት በኋላ ለሁሉም በነፃ የለቀቀው ፓይኤቲኤስ፣ ጂኒ ከተባለው ላይብረሪው ጋር፣ የስዊቹን ሁኔታ የመማርና ሁለት መዝገቦችን የማነጻጸር ትእዛዝ ተዘጋጅቶለታል፤ የሚተዉትን መስኮች መንገርም ይቻላል። ናፓልም በበኩሉ የሲስኮን፣ የጁኒፐርንና የአሪስታን መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ጥያቄ ያናግራል። ቢሆንም አንድ ጊዜ በእጅ መጻፉን እመክራለሁ፤ የራሱን የጻፈ ሰው የተዘጋጀው መሣሪያ የቱ ላይ ዝም እንደሚል ይገባዋል።

ለመጀመር ሦስት ነገር ይበቃል፦ የፖርት ሁኔታ፣ ጎረቤቶች፣ በትራንክ የሚያልፉ ቪላኖች። የማክ አድራሻና የስህተት ቆጣሪ እነዚህ ከተላመዱ በኋላ ይጨመራሉ። ከሁሉ በፊት ግን ፕሮግራሙ በሙከራ ስዊች ላይ ይፈተን፤ ኬብል ይነቀል፣ ቪላን ይሰረዝ፣ ፖርት ይዘጋ፤ ሦስቱንም በስማቸው ጠርቶ ካላወጣ የጥገናው ሌሊት ይተላለፍ።