ኢስትሮጅንና አንጎል፦ ከቤተ ሙከራ እስከ እናቶቻችን



ባለፈው ትምህርት መጨረሻ ላይ አንዲት ተማሪ፣ «ኢስትሮጅን አንጎልን የሚጠብቅ ከሆነ ላረጡት እናቶቻችን ለምን አንሰጣቸውም?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

አብዛኛው ስትሮክ የሚከሠተው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ከምንጠቀምበት ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ ስለዚህ ችግሩን ብዙ አይታገሥም። ኃይል ያጡት ሴሎች ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይለቃሉ፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሴሉም ይሞታል። ሆኖም ቦይ ሲደፈን ማሳው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደማይደርቅ፣ መሀሉ ቶሎ ቢሞትም ዙሪያው ከጎረቤት ሥሮች በሚደርሰው ጥቂት ደም ለሰዓታት ይቆያል። ሕክምናም ሆነ ምርምር የሚታገለው ይህን ዳርቻ ለማትረፍ ነው።

ኢስትሮጅን ተስፋ ያሳየው እዚህ ላይ ነው። የእንቁላል ዕጢያቸው በወጣ ሴት አይጦች ላይ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ፣ የሚሞተው ክፍል ዕጢያቸው ካልወጣው ይልቅ ሰፍቶ ተገኘ፤ አስቀድሞ ኢስትራዲዮል ሲሰጣቸው ግን ጠበበ። ሆርሞኑ የሴልን ሞት የሚገቱ ፕሮቲኖችን ያበዛል፣ የደም ሥር እንዲሰፋ ያግዛል፣ ብግነትንም ያበርዳል።

በሰው ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ምልክቱ የደረሰባቸውን 664 ያረጡ ሴቶች ያሳተፈ ጥናት፣ ኢስትራዲዮል የስትሮክን መደገም እንደማይከላከል አሳየ። በአሜሪካ በተካሄደው ሰፊ የሴቶች ጤና ጥናትም ኢስትሮጅን ብቻ ይሰጥበት የነበረው ክፍል፣ ስትሮክ ስለጨመረ በ2004 ተቋረጠ።

ተቃርኖው ከየት መጣ? አይጦቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ሥሮቻቸውም ጤነኞች። የጥናቱ ሴቶች አማካይ ዕድሜ ግን 63 ገደማ ነበር፤ ብዙዎቹም ካረጡ ዓመታት አልፏቸዋል። ከዚህም በላይ በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን በጉበት ሲያልፍ ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይጨምራል። ሆርሞኑ በጊዜው ቢጀመር ይጠቅም እንደሆነ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ይህ ክርክር ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ደጋ ሩቅ አይደለም። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ደም አለመፍሰሱም በሲቲ ስካን ሲረጋገጥ ነው። ከገደል ማዶ በቃሬዛ ለምትመጣ እናት ይህ ጊዜ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ ትልቁ መከላከያ ከስትሮክ በፊት ያለው ነው፤ ከሁሉም በላይ የደም ግፊትን መለካትና መቆጣጠር። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመሩ በፊትም ግፊት ይለካ፤ ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት አይመከርምና።

ለተማሪዬ መልሴ ይኸው ነው፦ አይጧን ያዳናትን ለእናትሽ ከመስጠትሽ በፊት፣ እናትሽ ራሷ በጥናት ትታይ። እስከዚያው ግን ክንዷን ዘርግታ ግፊቷን ትለካ።