ክትባቱ አልተበላሸም ነበር

እ.ኤ.አ. በ1947 የጸደይ ወራት አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢንፍሉዌንዛ ገባ። ግቢው ሳይዘጋጅ አልጠበቀውም፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው አስቀድሞ ተከትቧል። ክትባቱም የተመሰከረለት ነው። ቶማስ ፍራንሲስ የመሩት ቡድን በ1943 ከ12 ሺህ በሚበልጡ ወታደር ሠልጣኞች ላይ ሲፈትነው፣ ካልተከተቡት 7 በመቶ ያህሉ ሲታመሙ ከተከተቡት የታመሙት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ኋላ በፖሊዮ ክትባት ስሙ የገነነው ዮናስ ሳልክም አብሯቸው ይሠራ ነበር።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ሕመምተኛው ተቆጠረ። ካልተከተቡት 7,615 ሰዎች 8.09 በመቶ፣ ከተከተቡት 10,328 ደግሞ 7.19 በመቶ ታመዋል። ልዩነት አለ ለማለት እንኳ ያሳፍራል። ክትባቱ ይሠራል ብለው የመሰከሩት ፍራንሲስ፣ አልሠራም ብለው ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። እኔን ከግኝቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ክትባቱ ተበላሽቶ ይሆን? መልሱ የተገኘው ከተከታቢዎቹ ደም ነው። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋሳት ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር ሲገናኙ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው አንቲቦዲ ቫይረሱን ቀድሞ ከያዘው ግን ሳይጣበቁ ይዘቅጣሉ። የተከታቢዎቹ አንቲቦዲ በክትባቱ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ተማሪዎቹን ያሳመመውን ግን እምብዛም አልነካውም። ክትባቱስ ሠርቶ ነበር፤ ለሰውነት ያስተዋወቀው ግን የድሮውን መልክ ነው።

ክትባቱ ከተሠራባቸው ዝርያዎች አንዱ በ1934 ከፖርቶ ሪኮ የተገኘ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ራሱን የሚያባዛው እንደ ደከመው ቁም ጸሐፊ ነው፤ ፊደል ይስታል፣ ተመልሶም አያርምም። አብዛኛው ስሕተት ለራሱም አይበጀውም። አንዳንዱ ግን አንቲቦዲ የሚይዘውን የገላውን ክፍል ይለውጥና ያስመልጠዋል። በነገራችን ላይ፣ የፖርቶ ሪኮውም የሚሺጋኑም ቫይረስ እኛ የኅዳር በሽታ ከምንለው ከ1918ቱ ወረርሽኝ የወረዱ ናቸው።

ከሚሺጋኑ ወረርሽኝ በኋላ አንድ ክትባት ሠርቶ መቀመጥ ቀረ። በ1952 የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱን በየአገሩ የሚከታተል የላቦራቶሪዎች መረብ ዘረጋ። ዛሬ ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በፌብሩዋሪ፣ ለደቡቡ በሴፕቴምበር ተሰብስበው ለቀጣዩ ክትባት የሚሆኑትን ዝርያዎች ይመርጣሉ። የተመረጠው ዝርያ በአመዛኙ በዶሮ እንቁላል ውስጥ ተራብቶ ክትባት እስኪሆን ስድስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ቫይረሱም እስከዚያው መገልበጡን አያቆምም።